ሻኻር ማለት ንጋት ነው

ያክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች፣ ስሟም ሻኻር ተባለ ብለው ሲነግሩን አዲስ አበባ ያለነው ዘመዶች ደስ ብሎን እልል አልን እንጂ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ትርጉሙን የሰማሁት ባለፈው ሐምሌ እስራኤል ሄጄ፣ አፉላ ቤታቸው ገብቼ ሕፃኗን ከታቀፍኩ በኋላ ነው። በዕብራይስጥ ንጋት ማለት ነው አለችኝ እናቷ፣ ጎህ ሲቀድ ያለው ሰዓት። ከዛ ቀስ ብላ "እማዬን ስሟን ልመልስላት ብዬ ነው" ስትለኝ ዝም አልኩ።

ምክንያቱም አክስቴ ጎንደር ስትወለድ የወጣላት ስም ንጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ፣ እሷም ልጆቿን ይዛ ገባች፣ ሲመዘግቧት ግን አንዱ ጸሐፊ ደስ ያለውን የዕብራይስጥ ስም ጻፈላት፣ መታወቂያዋ ላይ እስካሁን ያለው እሱ ነው። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ያዩት ነገር ነው፣ ግን የራስ ሰው ሲሆን ያማል።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ አባት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ቀሰቀሰኝና አርቤል ሸለቆ ይዞኝ ሄደ፣ ከጥብርያዶስ በላይ ነው፣ መኪና ካቆምን በኋላ አጠገቤ ያለው የሱ ፊት እንኳ አይታየኝም ነበር። በኢየሩሳሌም ታልሙድ፣ የጥንት የአይሁድ መምህራን (ረቢዎች) ትምህርት በተጻፈበት መጽሐፍ፣ ረቢ ኺያና ረቢ ሺሞን ቤን ኻላፍታ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ በሌሊት ሲሄዱ "አየሌት ሃሻኻር" ሲፈነጥቅ አዩ ይላል፣ ቃል በቃል የንጋት ዋላ ማለት ነው፣ ረቢ ኺያም የእስራኤል መዳን እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ በትንሽ ነው አለ። ይቺው ዋላ "አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ" የሚለው የዳዊት መዝሙር አርዕስት ላይም አለች። እኔም አየሁት፣ በጎላን በኩል መጀመሪያ ብርሃን የማይባል ግራጫ ነገር መጣ፣ ከዛ ቀጭን መስመር፣ ፀሐይዋ እስክትወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ለካ ሻኻር ፀሐይ መውጣቷ አይደለም፣ ጨለማውም ብርሃኑም አብረው ያሉበት ሰዓት ነው!

ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ አወራን። እኛ ኢሳይያስ ላይ "አንተ የንጋት ልጅ አጥቢያ ኮከብ ሆይ" ብለን የምናነበው በዕብራይስጡ "ሄሌል ቤን ሻኻር" ነው። ከዛም በፊት ሶርያ ውስጥ ኡጋሪት በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ከ3,000 ዓመት በላይ በሆናቸው የሸክላ ጽሑፎች ላይ፣ ሻኻርና ሻሊም የሚባሉ ኤል የሚሉት ዋና አምላክ ልጆች የሆኑ አማልክት አሉ፣ አንዱ ንጋት አንዱ ምሽት። የአይሁድ የጠዋት ጸሎት "ሻኻሪት" የተባለውም ከዚሁ ነው፣ ዓረብኛውም "ሰሐር" ስለሚል ሙስሊም ጓደኞቼ በረመዳን የሚበሉት ሱሁር የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ይሄን ሁሉ ዕድሜዬን እየሰማሁት አላወቅኩትም።

በጣም የነካኝ ግን ሌላ ነው። ሻኻር በሚጻፍባቸው ሦስት ተነባቢ ፊደሎች ነው "ሻኾር" ማለትም ጥቁር የሚጻፈው፣ መኃልየ መኃልይ ላይ "እኔ ጥቁር ነኝ፣ ነገር ግን ውብ ነኝ" ያለችውም በዚሁ ቃል ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ለአክስቴ ስነግራት ግን ምንም አልገረማት፣ "እና ሊነጋ ሲል ይጨልማል አይደል የሚባለው ልጄ" ብላ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

እሷ ሕፃኗን ንጋቴ ነው የምትላት፣ እናትየዋ ሻኻር ትላታለች፣ ልጅቷ ለሁለቱም ዞር ትላለች።