ለዘላለም ተከፍሎበታል

አሜሪካኖች ዘላለምን ይሸጣሉ ብላችሁ ማጋነን አይምሰላችሁ። ፖስታ ቤት ስትገቡ ፎርኤቨር ስታምፕ፣ የዘላለም ቴምብር፣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በ41 ሳንቲም ሲወጣ የገዛ ሰው ዋጋው ስንቴ ቢጨምርም ዛሬም በዚያችው ቴምብር ደብዳቤውን ይልካል። ይኼኛው እንኳ ቃሉን ጠብቋል። ግሪን ካርድ ሲሰጣችሁ ደግሞ ፐርማነንት ሬዚደንት፣ ቋሚ ነዋሪ፣ ትባላላችሁ፤ ካርዱን ልብ ብላችሁ ስታዩት 10 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ አለው። መብታችሁ ከካርዱ ጋር አያበቃም፣ ማሳደሱ ግን ግዴታ ነው። ቀድማችሁ ፈቃድ ሳታወጡ አገር ቤት ከዓመት በላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ቋሚነታችሁ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

መጥበሻ ስትገዙም የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ይሏችኋል። የማን ዕድሜ? ብዙ ጊዜ የመጥበሻው። በነገራችን ላይ ያ ምግብ እንዳይዝ የሚቀባው ነገር ፎርኤቨር ኬሚካል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ካርቦንና ፍሎሪን ተቆላልፈው አፈርም ውሃም በቀላሉ አይፈታቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ከእነዚህ ኬሚካሎች ዋና ዋናዎቹ ሁለቱ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከአንድ ትሪሊዮን እጅ ከ4 እጅ እንዳይበልጡ ወስኗል። ስሙ በእውነት የሚገባው ይኼ ነው፤ ሻጮቹ ግን ይህን ዘላለም በማስታወቂያቸው አያነሱትም።

እኔ ላወራ የፈለግሁት ስለ መቃብር ነው።

አባታችን ያረፈው ሜሪላንድ ነው። አስከሬኑ አገር ቤት ይግባ፣ አይ እዚሁ ይሁን እየተባባልን ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረን፣ እሱ ራሱ በሕይወት እያለ «ልጆቼ ያሉበት» ይል ስለነበር እዚያው ሆነ። መካነ መቃብሩ ቢሮ ስንሄድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጨዋ ሰው ቡና አቀረበልንና ፎልደር ከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ፐርፐችዋል ኬር» ነው። እንክብካቤው እስከ ዘላለም ተከፍሎበታል ማለቱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። እናንተ የምትገዙት መሬቱን አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ የመቀበር መብት ነው። በሜሪላንድ ሕግ ከከፈላችሁት ቢያንስ 10 በመቶው ወደ አደራ ፈንድ ይገባል። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በሚያፈራው ሣር ይታጨዳል፣ መንገድ ይጠገናል። የመቃብሩ ሰሌዳ ቢሰነጠቅ ግን የእናንተ ጣጣ ነው። አበባ ብታስቀምጡ በተወሰነ ቀን ተሰብስቦ ይጣላል። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ አለ፣ ግን ማን ያነባል? እንባውን እየጠረገ የሚፈርም ሰው አያነብም።

ሣጥኑን የገዛነው ከቀብር አስፈጻሚው ቤት ነው፤ እሱ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ፎልደር። ሻጩ አንዱን የብረት ሣጥን ከፍቶ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ጎማ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገውና «ውሃ አያስገባም» አለን። እህቴ «ስንት ዓመት?» ስትለው ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው ሣጥን ተሻገረ። ለምን እንደዘለለው በኋላ ነው የገባኝ። ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራሉ የቀብር አገልግሎት ደንብ፣ ሣጥን ወይም ሣጥኑ መቃብር ውስጥ የሚገባበት የኮንክሪት ማቀፊያ አስከሬንን ለረጅም ጊዜ ያቆያል ብሎ መሸጥን ይከለክላል። ያው ደንብ ሄዳችሁ ስትጠይቁ የዋጋ ዝርዝር በወረቀት እንዲሰጣችሁ ያዛል፤ ሣጥኑን ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብታመጡም እምቢ ሊሏችሁ ወይም ተጨማሪ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ኮንክሪቱን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መካነ መቃብሩ ነው፤ አፈሩ ሰምጦ ማጨጃውን እንዳያስቸግር።

እኛ ተራ የእንጨት ሣጥን ወሰድን። እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቢሮ ብቻችሁን አትሂዱ። ከእድራችሁ አንድ ያላለቀሰ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋጋውን እሱ ይጠይቅ።

ሐምሌ ላይ ሱሉልታ አክስቴ ጋ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው መቃብሩን አሳየኝ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እንጦጦ በጉም ተሸፍኗል፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ስልኬን ወደ መስኮቱ አዙረው ያያሉ። ፎቶው ላይ ያለው ሣር ነው። ሣር ብቻ። ጠጋ ሲያደርጉት ከመሬት እኩል የተኛች የነሐስ ሰሌዳ ትታያለች።

«ሐውልቱስ?»

«አይፈቀድም፣ እትዬ። ማሽን በላዩ አልፎ ሣሩን እንዲያጭድ ነው።»

«ማሽን በወንድሜ ላይ ይሄዳል?»

ምን ልበል። ለዘላለም ተከፍሎበታል፣ ጥበቃው አይቋረጥም እያልኩ ያን ፎልደር በአማርኛ ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «መሬቱ የናንተ ነው?» አሉ። አይደለም፣ የመቀበር መብቱ ነው የኛ ስላቸው ሳቃቸው መጣ። «ሊዝ ነው በለኛ!»

ሊዝን ያውቁታል። ልጃቸው ቤት ልሥራ ብሎ ሲሯሯጥ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚባለውን አብረው ተምረውታል፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት። «ያንተዎቹ ይሻላሉ፣ ቁጥር አልጻፉበትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህም ቢሆን ለሙት ቦታ ጠቧል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ደብሮች ፉካ የሚሰጡት ዓመት ቆጥረው ነው። እንዲያውም በዚህ በዚህ የሜሪላንዱ የተሻለ ይመስለኛል። እሳቸው ፊት ግን አላልኩትም።

ደግሞ የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነበር። የክርስትና ስሙን እዚያ ያሉት ቄስ ያውቁታል ወይ፣ በፍትሐቱ የተጠራው በየትኛው ስም ነው፣ አርባው በማን ቤት ወጣ፣ ስንት ሰው በላ። እነዚህን ሁሉ በደንብ መመለስ ቻልኩ፤ ተመስገን። የሠላሳ ሰው ምግብ ይዘው ቤታችን የመጡትን የእድር እናቶች በስም በስም ስነግራቸው «ይባርካቸው» እያሉ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

ከዚያ የሙት ዓመቱ ቀን ተነሣ። እኔ በፈረንጅ ኦገስት 11 እላለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ነሐሴ 5። ፍልሰታ!

«በግ የለም ማለት ነው» አሉ። «ምስርና ሽሮ ነው። ጠላው ከኔ፤ ካህናቱን እኔ እነግራለሁ። አንተ ጤፉንና ዘይቱን ቻል።»

«እኔ እኮ ሐምሌ 28 ተመላሽ ነኝ፣ እትዬ።»

«ብሩን አስቀምጠህ ሂዳ!»