በሻንጣ የመጣ የስኩባ (አየር ይዞ ውኃ ውስጥ መጥለቂያ) ዕቃ ጎርጎራ ከመውረዱ በፊት

«ጣና እኮ ጥልቀቱ 14 ሜትር ቢሆን ነው፤ እዚያ ምን ይገጥማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐይቁ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ እዚህ 14 ሜትር ጠልቆ የሚወጣ ሰው ሰውነት ባሕር ላይ 17 ሜትር ገደማ እንደጠለቀ ሰው ይፈተናል። ዕቃው መታመን አለበት።

ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣው ወይም ያገለገለ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ላይ የምንፈራው እርጅናውን ብቻ አይደለም። አምራቹ ጉድለት አግኝቶ «መልሱልኝ» ሲል ጥሪው የሚደርሰው ስሙን ላስመዘገበው የመጀመሪያ ገዢ ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሮ ጎንደር ሲገባ ጥሪው እዚያው ይቀራል።

ኡዋቴክ የተባለው አምራች የሠራውን አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ ኮምፒውተር፣ ማለትም ጠላቂው ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል የሚያሰላውን መሣሪያ፣ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በተሠሩት ላይ የሶፍትዌር ስህተት ነበር። ጠላቂው ከውኃ ወጥቶ ተራ አየር እየተነፈሰ ሳለ ኮምፒውተሩ አሁንም ናይትሮክሱን፣ ማለትም ኦክስጅን የበዛበትን ድብልቅ፣ እንደሚተነፍስ አድርጎ ያሰላል። ውኃ ውስጥ ሳለ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ከሰውነቱ ቶሎ የወጣ ይመስለውና ለቀጣዩ ጥለቃ ከሚገባው በላይ ደቂቃ ይፈቅዳል። ከገበያ እንዲመለስ የተጠራው በ2003 ነው። መስታወቱ ንጹሕ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ቁጥሩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን የሚይዘው አንዳች ጉድለት የለም።

ስለዚህ ሥራው ከመለያ ቁጥሩ ይጀምራል። ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ግፊት ለመተንፈስ እንዲመች የሚያወርደው ዕቃ) ላይ ብዙ ጊዜ የናሱ አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አረንጓዴ ዝገት ከሸፈነው በለብ ያለ ውኃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ ከዚያ የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ፊት ለፊት ካበራችሁ ክሮሙ ያንጸባርቅና 3 ከ8 አይለይም። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረውና አፍ ላይ የሚያዘው ክፍል ቁጥራቸው ስለሚለያይ ሁለቱንም ጻፉ። መጀመሪያ የአምራቹን የጥሪ ገጽ፣ ቀጥሎ የአሜሪካን የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን፣ ከዚያ የአውሮፓን ሴፍቲ ጌት የተባለ የአደገኛ ምርቶች ማስጠንቀቂያ ገጽ ተመልከቱ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፤ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር ተብሎ ነው።

ያልተጠራ ዕቃ ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ጠላቂው የሚለብሰውን ጃኬት በአየር በሚነፋው ቧንቧ ላይ የመካከለኛ ግፊት መለኪያ ግጠሙና ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በብዙዎቹ ሬጉሌተሮች መርፌው 9 ወይም 10 ባር (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ይቆማል፤ ትክክለኛው ልክ በሞዴሉ የጥገና መመሪያ ላይ አለ። አየሩን ጥቂት ጊዜ ልቀቁና 5 ደቂቃ መርፌውን ብቻ ተመልከቱ። ቆሞ የነበረው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከተሳበ የከፍተኛ ግፊቱ መቀመጫ፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር የሚዘጋው ክፍል፣ ተበልቷል፤ ውኃ ውስጥ አየሩ በራሱ መፍሰስ ይጀምራል። ከመኪና ዕቃ ሱቅ የተገዛ ተመሳሳይ ጎሚኒ ይህን አያድንም። በናይለን የተጠለፈ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ አፍ ላይ የሚያዘውን ክፍል ፍቱና ስኳር የመሰለ ቢጫማ ቅንጣት ካለ እዩ፤ የውስጡ ሽፋን እየፈረሰ ነው፤ አየር እስከ መዝጋት ይደርሳል።

አሮጌ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲገጥማችሁ የተሠራበትን ዓመት አንብቡ። ሲሊንደር ሠሪው ሉክስፈር አሜሪካ ውስጥ እስከ 1988 አጋማሽ 6351 የተባለውን ቅይጥ ይጠቀም ነበር፤ ይህ ቅይጥ ግፊት ተሸክሞ ሲኖር አንገቱ ላይ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። በየ5 ዓመቱ የሚደረገው የውኃ ግፊት ፍተሻ ብቻ አያጋልጠውም፤ አንገቱ በኤዲ ከረንት መሣሪያ (ስንጥቅን በኤሌክትሪክ በሚለይ) መፈተሽ አለበት። ያ መሣሪያ ከሌለ አይሞላ፤ 200 ባር አጠገብ የሚቆመው ሞዪው ነው።

በጥሪው ውስጥ የገባውን ዕቃ አትሽጡ፣ አታውሱም። አፍ ላይ የሚገባውን ጎማ አውጡለት፣ በቀይ ፕላስተር ጠቅልሉት፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋችሁ ከሌላው ሻንጣ ለይታችሁ አስቀምጡትና ለአምራቹ የቁጥሩን ፎቶ ላኩ። መልሱ እስኪመጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወርደው መኪና ላይ አይጫንም።