የነርሷ ፎቶ

ሰሞኑን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በነርስ ልብስ የተነሳችውን ፎቶ አየሁ። ነጭ ቆብ፣ የተተኮሰ ኮሌታ። ዘውድ የለ፣ ካባ የለ። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ፊቷን ሳይ ግን አልሆነልኝም። ገና ልጅ እግር ናት።

ጣልያን ሲወረን የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የቤተ መንግሥት ሴቶች ለዘማቹ ፋሻ ሲያዘጋጁ አብራ ነበረች። በ1928 ቤተሰቡ ሲሰደድ እንግሊዝ ገባች፤ እዚያም ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። ከ3 ዓመት በኋላ ተመርቃ ጋይስ ሆስፒታል ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ለንደንን በቦምብ መደብደብ ጀመረ። ከአንዱ ጦርነት ሸሽታ ሌላው እዚያው ደረሰባት።

ፎቶውን ለአክስቴ አሳየኋት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ዛሬም ሊጥ ከመንካቷ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ነው የምትታጠበው። መነጽሯን አድርጋ መጀመሪያ ያየችው ኮሌታውን ነው።

«በስታርች ነው የተተኮሰው» አለች።

«ገረድ ተኩሳላት ይሆናላ» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ! ተማሪ ነርስ ምን ገረድ አላት? ሽንት ቤት ሳይቀር ነው የምታጥበው።»

የለንደኑን አላውቅም፣ የራሷን ዘመን ግን እየነገረችኝ እንደሆነ ገባኝ።

ፀሐይ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በሚያዝያ 1934 አብይ አበበን አገባች። እሱ ወለጋን እንዲያስተዳድር ተሹሞ ስለነበር ነቀምቴ ወረደች። ያኔ አገሩ ሙሉ የሠለጠነ ነርስ በጣት የሚቆጠር ነበር። በነሐሴ፣ ክረምቱ እንደ ከበደ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች እዚያው አረፈች። ከሠርጓ 4 ወር ገደማ ነው። ዕድሜዋ 22። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የስንቱን ልጅ ስታስታምም የኖረች፣ በራሷ ሲደርስ የሚያተርፋት ጠፋ። ባሏን ደግሞ በ1967 ደርግ ከስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሸነው።

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስባ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። ከሐውልት ይሄ ይሻላል፣ በእኔ ቤት። ከአብዮቱ በኋላ ግን ለሠራዊቱ ሆነ፤ ስሙም ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ሰፈሩም በዚያው ቀረ። ወያላው «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲል ይውላል፣ የከተማው ባቡርም በምዕራብ በኩል መጨረሻው እዚያ ነው። አክስቴ ብቻ ዛሬም «ልዕልት ፀሐይ ጋ አውርደኝ» ትላለች፤ ወያላው ግራ ይገባዋል።

ስሙን ለምን እንደቀየሩት ይገባኛል፤ የንጉሥ ልጅ ናታ። ወታደር የሚታከምበት ቤት የነርስ ስም ቢይዝ ግን ማንን ይጎዳ ነበር?