ሌሊት ዳታ የሚበላው ማን ነው?

ቤት ውስጥ ዳታ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚከሰሰው ልጅ ነው። በሥራዬ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ወላጅ ሂሳቡን ያያል፣ ቀጥሎ ጌም የሚጫወተውን ልጅ ያያል፣ ፍርዱ እዚያው ያልቃል።

የምሠራው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ አውሮራ ከተማ ነው። የመኖሪያ ቤትና የትንንሽ ንግድ ኔትወርክ እንዘረጋለን፣ ሲበላሽም እንጠግናለን። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። ምግብ ቤት ያላቸው አሉ፣ ሱቅ ያላቸው አሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ዴይ ኬር ከፍተው ሕፃናት የሚጠብቁ እናቶችም አሉ። አንዷ እናት ናቸው የደወሉልኝ።

“የኔ ልጅ፣ ይሄ ኢንተርኔት ሊያሳብደኝ ነው” አሉኝ።

የወር ሂሳባቸው ላይ 100 ዶላር ተጨምሮ መጥቷል። ውላቸው የሚፈቅደው በወር 1.2 ቴራባይት፣ ማለትም 1,200 ጊጋባይት ነው። ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ 50 ጊጋባይት 10 ዶላር ይጨመራል፤ የቅጣቱ ጣሪያ 100 ዶላር ነው። እሳቸው ጣሪያውን ነክተዋል፣ ያውም በተከታታይ ወር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ጌም ከልክለው ኮንሶሉን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ልጁ “እኔ አይደለሁም” ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ባልደረባዬ ጉዳዩን ሲሰማ “ገደብ የሌለውን ጥቅል ይግዙና ይገላገሉ፣ በወር 30 ዶላር ነው” አለ። ክፉ ምክር አይደለም። 30 ከ100 ያንሳል፤ ሰው ለበዛበት ቤት እኔም እመክረዋለሁ። ግን ዳታው የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ በዓመት 360 ዶላር መክፈል አልዋጥልኝ አለ። በዚያ ላይ ልጁ ጥፋተኛ እንደተባለ ሊቀር ነው።

ቤታቸው ስደርስ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ዩቲዩብ ላይ ነበር። ይህ በብዙ ቤታችን ያለ ነው፤ የሚያየው ሰው ኖረም አልኖረም፣ የአገር ቤት ቻናል ከጠዋት እስከ ማታ እንደተከፈተ ይውላል። በኤችዲ ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ በፎርኬ ደግሞ እስከ 7። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ቀላል አይደለም። ጌሙስ? አንድ ትልቅ ጌም ሲወርድ ከ100 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ከወረደ በኋላ መጫወቱ ራሱ ግን ብዙ አይበላም፤ ቪዲዮ ከማየት በጣም ያንሳል። ይህን ወላጆች ሁሉ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅታቸው አፕ የሚያሳየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጠቅላላውን። የትኛው ዕቃ እንደወሰደው አይናገርም። የወረደውንና የተላከውንም አይለይም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታ ለብቻ የሚቆጥር ራውተር አስገባሁላቸው። ልጁን ደግሞ አንድ ነገር ለመንኩት፤ ማታ ከመተኛቱ በፊትና ጠዋት እንደተነሣ ቁጥሩን እንዲጽፍልኝ። እናቱ የሕፃናቱን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። እዚያው ኅዳጉ ላይ ጻፈው።

ጥቂት ሌሊት በቂ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ኮንሶሉ ተቆልፎበት እያለ ቁጥሩ በየሌሊቱ 16 ጊጋባይት ገደማ ይጨምራል። ከወረደው ደግሞ የተላከው በብዙ ይበልጣል። ሰው ቪዲዮ እያየና ድረ ገጽ እየከፈተ የሚኖርበት ቤት ውስጥ የሚወርደው ነው መብዛት ያለበት። ተገልብጦ ሲገኝ የሆነ ዕቃ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ እየላከ ነው ማለት ነው።

ካሜራዎቹ ነበሩ። እናትየው ለሕፃናቱ ደህንነት ብለው ሦስት ካሜራ አስገጥመዋል፤ ሁለቱ ቤት ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ጓሮ። ሦስቱም 24 ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት ማከማቻ ይልካሉ። እያንዳንዳቸው በሴኮንድ የሚልኩት 1.5 ሜጋቢት ገደማ ነው (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት ግን የአንዱ ብቻ 16 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሦስቱ አንድ ላይ 48፣ የሌሊቱ 8 ሰዓት ድርሻም ያው ያየነው 16። በወር ከ1,400 ያልፋል። ቤተሰቡ አንድም ቪዲዮ ሳያይ ገደቡ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ደንበኛ ገደቡ የሚወርደውን ብቻ የሚቆጥር ይመስለዋል፤ የሚላከውም ይቆጠራል።

“ውይ! ልጄን በከንቱ!” አሉና ወዲያው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሊያመጡ ተነሡ።

ካሜራዎቹን ማጥፋት የማይታሰብ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ትተው ሥራ የሚሄዱት እነሱንም ተማምነው ነው። ስለዚህ ሙሉው ቅጂ ካሜራው ላይ ባለ ሚሞሪ ካርድ እንዲቀመጥ አደረግን፤ ወደ ክላውድ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ነው።

ለክትትሉ ቀላል ስሌት ሰጠኋቸው። 1,200 ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 40 ነው። በ10ኛው ቀን ቁጥሩ ከ400 በታች መሆን አለበት፣ በ20ኛው ከ800 በታች። ካለፈ ወሩ ሳያልቅ ይደውሉልኛል። ቆጠራው የሚጀምረው ወሩ ሲገባ ይሁን ሂሳቡ በሚዘጋበት ቀን፣ እሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የራውተሩና የአቅራቢው ቁጥር ሊለያይ እንደሚችልም ነገርኳቸው። አንዱ ጊጋባይትን በ1,000፣ ሌላው በ1,024 እያባዛ ከቆጠረ፣ አንዱ ጋ 1,200 የሆነው ሌላው ጋ 1,118 ገደማ ሆኖ ይታያል። የሚያስከፍለው የአቅራቢው ቆጠራ ስለሆነ በእሱ ይመሩ አልኳቸው።

አሁን አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የውሉን መግለጫ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የዳታ ገደቡንና ከገደቡ ሲያልፍ የሚጨመረውን ዋጋ በግልጽ ሰንጠረዥ እንዲያሳዩ ግዴታ አለባቸው። ሰው ከመፈረሙ በፊት ቢያነበው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የእኚህ እናት ነገር አንድ እንቅፋት ቀርቶት ነበር። የጓሮው ካሜራ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅርንጫፉን እንደ ሰው እየቆጠረ ይልካል። ኮሎራዶ ደግሞ ነፋሷ አያርፍም። ዛፉ ያለበትን ጥግ ከካሜራው የእንቅስቃሴ ክልል አወጣነው። የዚያ ወር ቆጠራ ከ700 ጊጋባይት በታች ተዘጋ። የ30 ዶላሩንም ጥቅል አልገዙም።