ባዝ፦ ሁለት እንደራሴ ትልክ የነበረች ከተማ

ከለንደን ወደ ባዝ የሚሄድ አበሻ ብዙውን ጊዜ አንድ አድራሻ ይዞ ነው የሚነሳው፤ ፌርፊልድ ሃውስ። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ቤት ነው። እኔና አጎቴም እዚያ መድረሳችን አልቀረም። የዚህኛው ጉዞ ዋና ጉዳያችን ግን ሌላ ነበር። ባዝ ከ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1918 ድረስ ለእንግሊዝ ፓርላማ ሁለት እንደራሴ የምትልክ የምርጫ ክልል ነበረች። አንድ ከተማ፣ ሁለት ወንበር። ይህን ታሪክ በቦታው ማየት ፈለግን። (የእንግሊዞቹን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። በ1965 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን የመጨረሻ በሆነው ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል። በጉዳዩ ላይ ከእኔ የበለጠ ትኩስ የሆኑት እሳቸው ነበሩ።

ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ በእግር ትንሽ እንደሄዱ ጊልድሆል ይገኛል፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤት። እንደ ከተማው ሁሉ እሱም በዚያ ማር በሚመስለው የባዝ ድንጋይ የተሠራ ነው። ሕንጻው ከ1775 በኋላ የተሠራ ስለሆነ የጥንቶቹ ምርጫዎች የተካሄዱት እዚህ ውስጥ አይደለም። አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት መንገዱ መሐል ላይ ነበር የቆመው። ፈርሷል። አሁን አውቶብስ ያልፍበታል።

ታዲያ እዚያ አሮጌ ቤት ውስጥ ይመርጡ የነበሩት እነማን ናቸው? ሠላሳ ገደማ ሰዎች። ከንቲባው፣ ሽማግሌዎቹና የጉባኤው አባላት። በቃ። ከተማዋ በ1801 ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ድምፅ ያላቸው ግን እነዚያው ሠላሳዎቹ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ምትኩን የሚመርጡት የቀሩት ራሳቸው ናቸው። እርስ በርስ ይመራረጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ ለከተማው ሁሉ እንደራሴ ይመርጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ በየፍል ውሃው የሚሠራው ሕዝብ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ የሚሰማው እንደ ማንኛውም ወሬ ነው። እኔ ይህን ውክልና ለማለት አፌን አይሞላልኝም።

ሠላሳ ሰው ብቻ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱን በስሙ ማባበል ይቻላል። ከ1722 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በ1748 የባዝ እንደራሴ የነበረው ጄኔራል ጆርጅ ዌድ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ዌድ በስኮትላንድ ተራሮች 400 ኪሎ ሜትር ያህል የጦር መንገድ ያሠራው ሰው ነው። ባዝ ላይ ደግሞ የመራጮቹን፣ የእነዚያን የጉባኤ አባላት ምስል ለሠዓሊ ከፍሎ አሠራላቸው። ፎቶ ባልነበረበት ዘመን የራስን መልክ በዘይት ቀለም ተሥሎ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በአቢ ቤተ ክርስቲያኑ ጎንም ሰው የሚያልፍበትን መንገድ በራሱ ገንዘብ አስከፍቷል። መንገዱም በስሙ ተጠራ። ጋሼ እዚያ ቆመው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱና «ይኼኛው እንኳ ለሕዝቡም ደርሷል» አሉ።

ሽቅብ ወደ ሰርከስ ወጣን። ሰርከስ ክብ ሆኖ የተሠራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። 7 ቁጥር የዊልያም ፒት ቤት ነበር። ፒት እንግሊዝን በሰባቱ ዓመት ጦርነት የመራ ታላቅ ሰው ነው፤ ከ1757 እስከ 1766 ከባዝ ሁለት እንደራሴዎች አንዱ ነበር። ከመራጮቹ ጋር የተጣላበት ታሪክ ግን ከጦርነቱ ይበልጥ ይማርከኛል። በ1763 ጦርነቱን ያበቃው የፓሪሱ የሰላም ውል ተፈረመ። ፒት ውሉን አጥብቆ ይቃወማል፤ በጦር ሜዳ ያገኘነውን በወረቀት ሸጥነው ባይ ነው። የባዝ ጉባኤ ደግሞ ለንጉሡ ውሉን የሚያሞግስ ደብዳቤ አዘጋጀና እንደራሴያችን ያቅርብልን አለ። ፒት አሻፈረኝ አለ። የደብዳቤው ጠንሳሽ ራልፍ አለን ነበር። የባዝ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ባለቤት፣ የፖስታን ሥራ ያቀና፣ ጉባኤውን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በይፋ ወሰደው፣ ከጉባኤውም ወጣ። በማግስቱ ዓመት ሲሞት ለፒት 1,000 ፓውንድ ተናዞለት ተገኘ።

ጋሼና እኔ እዚህ ላይ ተከራከርን። እሳቸው «እንደራሴ መልእክተኛ ነው፤ የተላከውን ማድረስ አለበት» አሉ። እኔ ደግሞ «የማያምንበትን ደብዳቤ እንዴት ያድርስ?» አልኳቸው። «እንግዲያው ወንበሩን ይልቀቅላቸው!» አሉኝ። አንድ ክብ ዞረን ሳንግባባ ወረድን።

ከሰዓት በኋላ የገባነው ጊልድሆል ውስጥ ያለው መዝገብ ቤት ነው። አስቀድመን ጠይቀን ስለነበር የምንፈልገው ተዘጋጅቶ ጠበቀን፤ የ1847 ምርጫ የድምፅ መዝገብ። እኔ እስከዚያች ቀን እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። ትንሽ የታተመ መጽሐፍ ነው። በግራ የመራጩ ስም፣ ቀጥሎ ሥራውና ሰፈሩ። በቀኝ ለሦስቱ ተወዳዳሪዎች ሦስት ጠባብ ዓምዶች። አሽሊ፣ ዳንካን፣ ሮባክ። በየስሙ ትይዩ አጭር ሰረዝ። አንዱ ሁለት ሰረዝ አለው፣ አንዱ አንድ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንበር ስላለ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው። ሁለቱንም ለአንድ ሰው መስጠት አይችልም። ወይ ለሁለት ሰዎች ያካፍላል፣ ወይ አንዱን ለሚወደው ሰጥቶ ሁለተኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ለምን ያስቀረዋል? ሁለተኛውን ለሌላ ከሰጠ ያ ሌላው የራሱን ሰው ሊጥልበት ስለሚችል ነው። ስለዚህ አንድ ሰረዝ ብቻ ያለው ሰው ሰነፍ አይደለም፤ አስልቶ ነው። ለሁለት ተፎካካሪ ወገን አንድ አንድ ድምፅ የሰጠም ሞልቷል። በ1847 ከዚያ ሁሉ ስሌት የወጣው ውጤት አሽሊና ዳንካን አለፉ፣ ሮባክ ወደቀ።

ሁለቱን ሰዎች ማወቅ ይጠቅማል። ሮባክ ማድራስ ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ ለውጥ ፈላጊ ጠበቃ ነው። በ1832 የወጣው የተሐድሶ ሕግ የሠላሳዎቹን ዘመን ሲያበቃና ድምፅ ለሺዎች ሲደርስ ባዝ መጀመሪያ ከመረጠቻቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። አሽሊ ደግሞ በኋላ የሻፍትስበሪ መስፍን የተባለው ነው። በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ልጆች በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ዓመታት ታግሏል። ሕጉ የጸደቀው በ1847 ሲሆን እሱ ያኔ ከፓርላማው ውጭ ነበር። ባዝ በዚያው ዓመት መልሳ አስገባችው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ገጹ ላይ አጎነበሱ። ዳቦ ጋጋሪ፣ ጫማ ሰፊ፣ ጡረተኛ መኮንን፣ ቄስ። «ታዲያ ማን ማንን እንደመረጠ አደባባይ ወጣ ማለት ነው?» አዎ። እስከ 1872 ድረስ ድምፅ የሚሰጠው በአፍ ነው። መራጩ ቆሞ ስሙን ይናገራል፣ የመረጠውንም ይናገራል፣ ይጻፋል፣ ኋላም ይታተማል። ጫማ ሰፊው ማንን እንደመረጠ ደንበኛው ያነባል። ቤት አከራዩም ያነባል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ገጹን ቀስ ብለው ገለጡና «ይኼ ሁሉ ሰው በድፍረት ነው የመረጠው» አሉ። እኔ የፈሩትም እዚያው ሰረዞች ውስጥ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። የሳቸው አነጋገር ግን በልቤ ቀረ።

ምሥጢራዊው ድምፅ እንደመጣ በ1873 ባዝ በአንድ ዓመት ሦስት የማሟያ ምርጫ አደረገች። በሚያዝያ ወር አንደኛው እንደራሴ ሰር ዊልያም ታይት ሞተ። በምትኩ የተመረጠው ሰው ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞተና መስፍንነቱን ወርሶ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሄደ። ኋላ ደግሞ ሌላኛው ወንበር በሞት ባዶ ቀረ። ሁለት ወንበር ሲኖር ችግሩም ሁለት እጥፍ ነው።

ታይት ላይ ትንሽ ልቆይ። አርክቴክት ነው፤ የለንደንን ሮያል ኤክስቼንጅ የሠራ። ከ1855 ጀምሮ የባዝ እንደራሴ ነበር። ይህ ማለት በ1867 መጨረሻ ፓርላማው ተጠርቶ የመቅደላ ዘመቻ ገንዘብ ሲጸድቅ ባዝ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር ነበራት ማለት ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ወደ 9 ሚሊዮን ደረሰ። አፄ ቴዎድሮስን ለመክበብ ገንዘብ የፈቀደ ፓርላማ ውስጥ ድምፅ የነበራት ከተማ፣ ከ70 ዓመት በኋላ ሌላውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በስደተኝነት ተቀበለች። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሆነን ይህን ስናስብ ሁለታችንም ዝም አልን።

የሁለት ወንበሩ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በመጨረሻው ፓርላማ ከባዝ ሁለት እንደራሴዎች አንዱ ሎርድ አሌክሳንደር ታይን ነበር። በመስከረም 1918 ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ላይ ተገደለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በተደረገው ምርጫ ባዝ አንድ ወንበር ብቻ ቀራት። ወንበሩን የቀነሰው የ1918 የምርጫ ሕግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆኑ፣ የንብረት መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሴቶች ድምፅ ሰጠ። ለእኔ ከወንበሩ መቀነስ ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያጓጓኝ። ባዝ አጠገብ ባትኢስተን መንደር የብላትዌይት ቤተሰብ ለድምፅ መብት ሲታገሉ የታሰሩ ሴቶችን አስጠግቶ ያሳርፍ ነበር። እያንዳንዷ ሴት ግቢው ውስጥ ዛፍ እንድትተክል ተደርጎ ከ40 በላይ ዛፎች ተተከሉ። በ1960ዎቹ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ተጨፈጨፉ። የተረፈው አንድ ጥድ ነው። የእስረኞች ዛፍ እንዲህ መጥፋቱ ያናድዳል።

ፌርፊልድ የደረስነው በማግስቱ ነው። በኬልስተን መንገድ በኩል ጓሮው ወደ ሸለቆው የሚያይ ሰፊ ቤት ነው። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 ኖሩበት፤ በኋላም በ1958 ለከተማዋ በስጦታ ሰጡት። አሁን አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ነው። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያነሱት ነገር የጉዞውን ሁሉ መልክ ለወጠልኝ።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ ተብሎ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ነበር። ባዝ ላይ እንደነበሩት ሠላሳዎች ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ቀጥታ እንዲመርጥ ተደነገገ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሰው እንዲይዝና ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተጻፈ። ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ተጨማሪ ወንበር ነበራቸው። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው ምክር ቤት ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ሆነው ገቡ። ጃንሆይ ሐሳቡን ከባዝ ቀዱት አልልም። እሳቸው እዚህ ሲገቡ የባዝ ሁለተኛ ወንበር ከቀረ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ሆኖም እንግሊዝ በ1950 የመጨረሻዎቹን የሁለት ወንበር ክልሎች ስትሰርዝ፣ እኛ በስድስተኛው ዓመት እሱኑ ጻፍነው።

«ጥሩ ነበር» አሉ ጋሼ። «ፓርቲ የለም። የምናውቀው ስምና ቤተሰብ ነው። ሁለት ሰው ካለ ግን አንዱ አዲስ አበባ ቀልጦ ቢቀር ሌላውን እንይዘዋለን።»

«ሁለቱም ቢቀልጡስ?»

«ያኔማ ደብዳቤ መጻፍ ነው።» ጽፈውም እንደሆን ጠየቅኳቸው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ድልድይ መጻፋቸውን፣ ደብዳቤውን ያረቀቁት እሳቸው እንደነበሩ፣ አብዮቱ ሲመጣ መልስ ሳያገኙ መቅረታቸውን ነገሩኝ። ምክር ቤቱ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. መካከል በዚያ ግርግር ጠፋ። ድልድዩ ኋላ በሌላ መንግሥት ተሠራ።

ባዝ የምትሄዱ ካላችሁ ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት ስላይደለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መዝገብ ቤቱንም እንዲሁ። ለሁለቱ አንድ ቀን አይበቃም፤ አዳሩን አስቡበት። የድምፅ መዝገቡን ስታዩ ደግሞ ከእንደራሴዎቹ ስም ይልቅ በግራ በኩል ያሉትን ዳቦ ጋጋሪዎችና ጫማ ሰፊዎች አንብቡ።