ወይን ጠጅዋ ዝይ

ማሽኒስቱ ከማሽኑ ጫፍ አንድ ወረቀት መዘዘና በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቅንድቡ ሲሰበሰብ አየሁ። ከዚያ ወደ ዲዛይነሯ ዞሮ፣ «ልጄ፣ ይቺ ወፍ ታማለች እንዴ?» አላት።

ወፏ የእኔ ነበረች።

የምሠራው ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ማተሚያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ፎቶ የማነሳው ለራሴ ነው፣ ለነፍሴ። እሁድ እሁድ በጠዋት በሚኒባስ ገፈርሳ እሄዳለሁ። ለከተማችን ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ነው። ከመሃል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፣ በአምቦ መንገድ። ከፍታው 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ወደ ውስጥ አልገባም። መንገድ ዳር ቆሜ፣ የአይሱዙ ጡሩምባ እየሰማሁ ነው የማነሳው።

የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ቪዲዮዎቹ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የባሕር ዳርቻ ናቸው። ነጫጭ የባሕር ወፎች፣ ከኋላቸው ድምቅ ያለ ሰማያዊ ውሃ፣ አረፋ፣ ጀንበር መጥለቂያ። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ገፈርሳም ባሕር አይመስልም። ውሃው ግራጫ ነው፣ ክረምት ላይ ማኪያቶ ይመስላል፣ ዳሩ ላይ ከብት ይግጣል። ግን ወፍ አለው። በበጋ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች ይሰፍሩበታል። የራሳችንም አለች፣ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ መኖሪያ የላትም።

ስሟን ሰምቶ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ማዘኑ አይቀርም። ቆማ ስትታይ አመድማ ቡናማ ነች። ሰማያዊው ክንፏ ላይ፣ ከፊት በኩል ነው ያለው፤ ክንፏን ስታጥፍ ይደበቃል። እሱም ቢሆን ፈዛዛ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጂንስ ዓይነት። ለማየት ወይ መብረር አለባት፣ ወይ መንጠራራት።

ታኅሣሥ ላይ አንዷ ተንጠራራችልኝ። ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጌ ስለነበር ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስልኬ ላይ አወጣኋት። ያቺ ፈዛዛ ሰማያዊ ግን አላጠገበችኝም። ሳቹሬሽኗን፣ የቀለሟን ድምቀት ማለት ነው፣ ገፋ አደረግኩት። አማረ። ደግሞ ጨመርኩ። ክንፏ የሚኒባስ ታክሲ ቀለም መሰለ። ውሃውንም ሰማያዊ አደረግኩትና ገፈርሳን ባሕር አድርጌው አረፍኩት። ከዚያ ዋናው ፎቶ ላይ ሴቭ አልኩ። ቅጂ የለ፣ ምን የለ።

ነሐሴ ሲገባ የካላንደር ሥራ መጣ። ደንበኛው ወፍና መልክዓ ምድር ፈለገ። አለቃዬ፣ «አንተ ወፍ ታነሳ የለ?» አለኝ። ዝይዋን በፍላሽ ይዤ ከች አልኩ። ዲዛይነሯ ስክሪኗ ላይ ስታያት «እንዴ! አንተ ነህ ያነሳሃት?» አለች። ለአንድ ሳምንት ያንን ሳስብ ሰነበትኩ። ፕሩፉን፣ ከኅትመት በፊት የሚታየውን ናሙና፣ በስልኬ ላኩልኝ፣ እኔም በስልኬ አይቼ «ይሂድ» አልኩ።

እናም ያ ቀን። ክንፏም ውሃውም ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ ቀዩ በዝቶብሃል» አለችው ዲዛይነሯ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ስክሪን ብርሃን ነው፣ ሰማያዊ በለው ሲሉት ይነድዳል። ማሽኑ ጋ ያሉት አራት ቀለሞች ብቻ ናቸው። በወረቀት ላይ ድምቅ ያለ ሰማያዊ የሚገኘው ሰማያዊውን ከቀዩ ጋር ደራርቦ ነው (ማሽኒስቶች ሰማያዊ የሚሉት ሳያኑን፣ ቀይ የሚሉት ደግሞ ወደ ሮዝ የሚያደላውን ማጀንታ ነው)። የስልኬ ዓይነት የሚጮህ ሰማያዊ በእነዚህ ቀለሞች አይገኝም። በግድ አምጣ ከተባለ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር።

ጋሼ የቀዩን ቁልፍ ጠበብ አደረገ። ችግሩ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ወር አብሮ ነው የሚታተመው። ከዝይዋ ጋር በአንድ መስመር ቡና የምትቀዳ ሴት ነበረች። ዝይዋ ትንሽ ሻል ሲላት የሴትዮዋ ፊት የጎመን ውሃ መሰለ። ቀዩን መለሰው። ሴትዮዋ ደም ዞረላት፣ ዝይዋ ጠጅ ጠጣች። እንደገና ቀነሰ። እንደገና ጨመረ። የተበላሸው ወረቀት ወለሉ ላይ ይከመራል። አለቃዬ ድምፁን ሰምቶ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆነሃል?» አለው።

እኔ የመጋዘን ወጪ ወረቀት ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። የቀለም ሳይንስ ባላውቅም እንዲህ ያለ ዝይ እንደሌለ ግን አውቃለሁ። ገፈርሳም እንዲህ ያለ ውሃ የለውም። ዝም አልኩ። ሰውየው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ቀለም ሲያስተካክል የኖረ ነው። መነፅሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ማጉያዋን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ አለና ነጠብጣቦቹን ለረጅም ጊዜ አየ። እጁ የቀለም ነው፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር።

«ማሽኑ የሰጡትን ነው ያወጣው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «ቀለሙን ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እና ምን ቸገረን፣ ዋናውን አምጣዋ» አለኝ።

ዋናው የለም። የነበረኝ ታኅሣሥ ላይ ለእህቴ በቴሌግራም የላክሁት ብቻ ነው። እሱም ተጨምቆ ርዝመቱ 1,280 ፒክሰል ሆኗል። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ይፈለጋል ሲባል፣ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ገጻችን 30 ነበር።

ምሳ ሳልበላ ቤቴ ሮጬ ሚሞሪ ካርዱን ገለበጥኩት። ከዝይዋ ቀጥሎ፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የተነሳ አንድ ፎቶ ተገኘ። ስላልወደድኩት ነው ያልነካሁት። ክንፏን አጥፋለች፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ ጥላለች። ውሃው ግራጫ። ጥግ ላይ የላም እግር ይታያል። ዲዛይነሯ ላሟን ላጥፋት ወይ ስትለኝ ተዪያት አልኳት። አዲስ ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ ተሠራ። ከሰዓት በኋላ ታተመ፣ ሴትዮዋም መልኳ ተመለሰ።

የተበላሸውን ወረቀት መዝገብ ላይ የማስገባው እኔው ነኝ። «ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «የማሽን ቀለም» ተብሎ ይታለፋል። ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ የራሴን ስም ጻፍኩ።

ጳጉሜን ላይ ደንበኛው ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው። ካላንደሩ ደርሶታል፣ ወዶታል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ተብሎ ተጽፏል፣ ሰማያዊው የታለ?

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለጋሼ ነገርኩት። ቀና ሳይል፣ «ስትበር ነው የሚታየው በለው» አለኝ።