ከአንድ ባትሪ የሰረቅሁት 12 ቮልት

ዛሬ ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ሁለቱን ባትሪዎች ለካሁ። አንዱ 12.7 ቮልት፣ ሌላውም 12.7። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ እኔ ግን እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ሁለት ጥንድ መብራትና አንድ የኮምቦልቻ ጠዋት ከፍያለሁና ሳላወራው ማደር አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው አይሱዙዬ ላይ የኤልኢዲ የቀን መብራት ለመግጠም ባሰብኩ ጊዜ ነው። የደሴን መስመር የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ጣርማ በር ሲደረስ ጉሙ በቀትር መንገዱን ይውጠዋል። የእኛን ዓይነት መኪና ደግሞ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሰየመው አይጠፋችሁም፤ ቢያንስ ከሩቅ አይተውን ይጠንቀቁ ብዬ ነው። ረዳቴ ፓራውልቱን፣ የፊት መከላከያውን ብረት፣ ስበሳ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ የፊት መብራቱን ቢያበሩት አይበቃም ነበር?» አለኝ። «አንተ ልጅ፣ ሽቦውን ያዝ» አልኩት። ሁለቱ የቀን መብራቶች ተደምረው 16 ዋት ናቸው፤ የፊት መብራቱ አንዱ አምፖል ብቻ የዚህን አራት እጥፍ ይበላል። መልሱ ይህ ነበር፣ ግን አልነገርኩትም።

ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በብሎን ማሰሩ ግማሽ ቀን አልፈጀም። የበሳችሁትን ቀዳዳ ዙሪያውን ቀለም ቀቡት፣ አለበለዚያ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። መከራው ሽቦው ላይ ነው።

መኪናችን 24 ቮልት ነው፤ ሁለት የ12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ካርቶን ላይ «12-24» ተብሎ ተጽፏል፤ አመንኩት። ሞተር ሲነሳ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ 28 ቮልት ገደማ እንደሚያወጣ ካርቶኑ አልሰማም መሰለኝ፣ ደብረ ብርሃን ሳልደርስ ሁለቱም ጠፉ። ሁለተኛው ጥንድ እቅጩን 12 ቮልት ነበር። «ሁለት ባትሪ አይደል ያለህ? ከአንዱ ብቻ ውሰድ» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ። በእርሱ አላሳብብም፤ ቴፑንም ከዓመታት በፊት ያስገጠምኩት እንደዚያው ነው።

ሦስት ሳምንት ደህና ሠራ። አንድ ቀን ኮምቦልቻ አድሬ ጠዋት ቁልፉን ባዞር ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። በአምፖል መሞከሪያዬ ሁለቱን ባትሪዎች ነካሁ፤ በሁለቱም እኩል በራ። ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው ብዬ ሞተሪኖ አስፈትቼ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። አምፖል ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ማታ ላይ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተሩን አምጥቶ ሲለካ መብራቱን የምመግብበት ባትሪ 11.9፣ ሌላው 12.8። የሁለተኛውን ክዳኖች ስንከፍት ውሃው ወርዶ ሳህኖቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል።

ምክንያቱ ከገባችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱትም ግድ የለኝም። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች እንደተቀጣጠሉ እንደ አንድ ይሞላል፤ የሚያየው ድምራቸውን ብቻ ነው። መብራቱ ከአንዱ ባትሪ 1.3 አምፔር ገደማ ሲጠባ፣ በአሥር ሰዓት መንገድ 13 አምፔር ሰዓት ይጎድልበታል። ድምሩ 28 መሆን አለበትና የጎደለው ባትሪ 13.2 ላይ ሲቀር ጤነኛው ወደ 14.8 ይገፋል። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ተመግቦ ውሃውን ያፈላል። በአንድ ሽቦ ሁለት ባትሪ መግደል ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ከሁለቱም ባትሪ እኩል ይወስዳል። የ5 አምፔሩ ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ከፊቱ የ3 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ኤሌክትሪኩን ከቁልፍ በኋላ ካለው መስመር ውሰዱ፤ እኔ በእጅ ማብሪያ አድርጌው ሸዋ ሮቢት ምሳ ስበላ ሲበራ ቆይቷል። የፊት መብራት ሲበራ የቀኑ እንዲጠፋ አምስት እግር ያለው ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩ 30 ቁጥር በተጻፈበት እግር ገብቶ በ87ኤ ይውጣ፣ 86 ከፓርኪንግ መብራት ይቆስቆስ፣ 85 ከሻንሲው ጋር ይታሰር። ሪሌው የ24 ቮልት መሆኑን እዩ። የ12ቱ እንዴት እንደሚሸት እኔ አውቃለሁ።

ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልን ግን ሥራ አልለውም፤ አንድ ክረምት ይበቃዋል። በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው የራሱን ፓራውልት ፈትቶ ይይ። ሰማያዊና ብልጭ ድርግም የሚሉትን ለሚገጥሙትም አዝናለሁ። ባትሪዎቹን ለየብቻ አስሞልቼ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ቴፑንም ወደ ሣጥኑ ካዞርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ የጠዋቱ 12.7 የዚያ ውጤት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጣርማ በር ላይ ያ ጉም መጣ። የቀን መብራቶቼ የመኪናዬን ፊት ነጭ አድርገውታል፣ ደስ ብሎኝ እነዳለሁ። ከኋላዬ የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር ክላክሱን አስጮኸ፣ ደጋገመ፤ ደብረ ሲና ስንቆም መጥቶ «ወንድሜ፣ ከፊት ሠርግ ቤት፣ ከኋላ ለቅሶ ቤት ነህ» አለኝ። ለካ የቀን መብራት የኋላውን አያበራም። ጉም ውስጥ የፊት መብራቱን ማብራት ግድ ነው፤ እርሱ ሲበራ ደግሞ በዚያ ሁሉ ድካም ያሰርኩት ሪሌ የቀኑን ያጠፋዋል።

ረዳቴ ከጎኔ ቆሞ ሰምቷል። ደግነቱ ምንም አላለም።